አንድ ፍሬ ስለምትጎርሰው ጠመንጃና ስለ ልጃችን

ጥሩዬ፣ ዓለሜ፣

ከአጠገቤ ከተለየሽ ዓመት ሞልቶ፣ ሙት ዓመትሽም ወጥቶ፣ ይኸው ሌላ ክረምት አለፈ። ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል፤ እኔ ግን አንቺን እንዴት ነሽ ብዬ የምጠይቅበት አፍ የለኝም። የራሴን ልንገርሽ። እኔ ደህና ነኝ። ብርድ ሲሆን ጉልበቴ ይቆረጥመኛል፣ ጣቶቼም ጠዋት ጠዋት እንቢ ይሉኛል እንጂ እህል ይበላልኛል፣ እንቅልፍም ቀስ በቀስ ተመልሶልኛል። ብዕር ያነሳሁት ግን ይህን ልነግርሽ አይደለም። በዚህ ዓመት በቤታችን አንድ ነገር ሆነ። አገሩ ሁሉ ሰምቶታል፣ አዲስ ቅዳም ገበያ ድረስ ተወርቷል። ላንቺ ብቻ የነገረሽ የለም።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። ከጓሮ የነበረው የከሰል ዛፍ፣ ዲከረንሱ፣ ደርሶ ተቆርጧል፣ ከሰሉም ወጥቶ ተጭኖ ሄዷል። ረግረጉን ጋረደብኝ እያልሽ ትነጫነጪበት አልነበር? አሁን ደጃፍ ላይ ቆሜ እስከ ታችኛው ሜዳ ድረስ ወለል ብሎ ይታየኛል። አዲሱን ችግኝ ወደ ላይኛው ማሳ አዙሬ ተከልሁት፤ ከቤቱ ሥር ያለውን በቆሎ አደረግሁት። የመስክ ቦቲ ጫማሽ ከበሩ ኋላ እንዳለ ነው። ጭቃ ሲሆን ትርንጎ ታደርገዋለች፤ እግሯ ልክ ያንቺን ያህል ሆኗል።

አዎ፣ ትርንጎ እዚህ ናት። ከፋሲካ በኋላ ሻንጣዋን ይዛ ከዳንግላ መጣች። ሆዷ ገፍቶ ነበር። "የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው" አለችኝ ገና ከመግባቷ። ባሏ ሚኒባሱ ላይ ስለሚውል እሑድ እሑድ ብቅ ይላል። እናት የሌለችበትን ቤት እንዴት እናት ቤት ትለዋለች አልሁ በልቤ። ኋላ ሳስበው ግን እውነቷን ነው። ይህ ቤት ካንቺ ሌላ የማን ሆኖ ያውቃል?

ጠመንጃዋም አለች። ያቺው አንድ ፍሬ የምትጎርሰው የአየር ጠመንጃ፣ እኔና አንቺን ያገናኘችው።

ያን ቀን ስንቴ አውርተነዋል፣ ግን እንደገና ላንሳው፤ አሁን የሚያወራኝ የለምና። ከዳገቱ ስወርድ ጠመንጃዋ በትከሻዬ፣ አንዲት ቆቅ በመቀነቴ ተንጠልጥላ ነበር። አንቺ ለወረዳው የተመደብሽ አዲስ የዱር እንስሳት ባለሙያ ነሽ፤ ሞተር ሳይክልሽን መንገድ ዳር አቁመሽ፣ እስከ ጉልበትሽ ጭቃ ሆነሽ ጠበቅሽኝ። በዚያ መንገድ ላይ ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም።

"ወንድሜ፣ የአደን ፈቃድ አለህ?" አልሽኝ።

ሳቄ መጣ። "እህቴ፣ ይቺ እኮ የአየር ናት። ባሩድ የሚባል አታውቅም።"

"አየር ይግፋው ባሩድ፣ ደንቡ የሚጠይቀው ስለገፋው አይደለም፤ ስለተመታው ነው።"

ከዚያ እዚያው መንገድ ላይ ቆመሽ አስረዳሽኝ። ፈቃድ ማለት የትኛው እንስሳ፣ በየትኛው ቦታ፣ እስከ መቼ ድረስ ብሎ የሚናገር ነው፤ ከዚያ ያለፈ ሁሉ ሕገወጥ ነው አልሽ። ከአገራችን በቀር በዓለም ላይ የሌሉ ወፎች አሉ፣ እነሱማ በምንም አይነኩም አልሽ። እንቁላል የታቀፈች አትነካም፣ የቤተ ክርስቲያን ደን አይገባበትም። ድምፅሽን አንዴም ከፍ አላደረግሽም። ከዚያ ወደ ቆቋ እያየሽ "ባርከህ ነው ያረድካት?" ብለሽ ስትጠይቂኝ ተናደድሁ።

"በክት የምበላ እመስልሻለሁ? አንድ እተኩሳለሁ። ከመታሁ ቢላዬን ይዤ እሮጣለሁ፣ ነፍሷ ሳትወጣ እደርሳለሁ። ከሳትሁ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ሁለተኛ ፍሬ ሳጎርስ ብቆም የመታኋት በክት ትሆንብኛለች።"

"አሳየኝ" አልሽ። ከወገቧ አጥፌ ከፈትሁልሽ፤ ከሽምብራ የምታንሰውን የእርሳስ ፍሬ በጣቴ እንዴት እንደማጎርሳት አሳየሁሽ። ጎንበስ ብለሽ በአፈሙዟ ውስጥ ሰማዩን አየሽበት። ቀና አልሽና "ጥሩ አዳኝ ነህ" አልሽኝ፤ "ፈቃድ የሌለህ ጥሩ አዳኝ።" ጠመንጃዋን ከእጄ ወሰድሽ፣ ሞተሩ ላይ በላስቲክ አሰርሽና ሄድሽ።

ጥሩዬ፣ እኔ እዚያ መንገድ ላይ ምን ያህል ጊዜ እንደቆምሁ አላውቅም። ጠመንጃ የያዘ የማታውቂውን ጎረምሳ፣ ጭር ባለ መንገድ ላይ፣ ባዶ እጅሽን አስቁመሽ ንብረቱን ወስደሽበት ሄድሽ፤ እሱም እሺ ብሎ ሰጠሽ። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ መስጠቴ አይደለም፤ ስሰጥሽ ደስ ብሎኝ መሆኑ ነው። ቢሮው ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ አስመዝግቦ ጠመንጃዬን መለሰልኝ። ከዚያ በኋላም ቢሮሽ መመላለሴን ስላልተውሁ ዘበኛው "ደግሞ አሁን ምን ተወረሰብህ?" ሲለኝ አንቺ በመስኮት ሰምተሽ የሳቅሽው ሳቅ፣ እሱ ነው የጨረሰኝ።

ከተጋባን በኋላ አንድ ማለዳ ከእንቅልፌ ቀስቅሰሽ ወደ ረግረጉ ወሰድሽኝ። ጠመንጃ የለም፣ ቢላ የለም። ሣሩ ውስጥ ተቀመጥን፤ ጤዛው ልብሳችንን አራሰው፣ ጥርሴ ይንገጫገጫል፣ አንቺ ግን ዝም በል እያልሽ ክንዴን ትቆነጥጪኛለሽ። ጉሙ ሲነሳ ባለ ዘውዶቹ ረጃጅም ወፎች ሜዳው ላይ ቆመው አየናቸው። ራሳቸው ላይ ያለው የወርቅ ክር የመሰለ ላባ ፀሐይዋን ሲቀበል፣ ከዚያም ክንፋቸውን ዘርግተው ሲዘሉ፣ አንዱ ለአንዱ ሲሰግድ። እኔ የተወለድሁት እዚሁ ነው፤ በዚያ ሜዳ ከብት ጠብቄ ነው ያደግሁት። እነዚያን ወፎች ግን እስከዚያ ቀን አላየኋቸውም ማለት ይቻላል፤ የማያቸው ለተኩስ ርቀታቸውን ለመገመት ነበራ። ዘወር ብዬ ሳይሽ እንባ በጉንጭሽ ይወርዳል። "በየዓመቱ አያቸዋለሁ፤ በየዓመቱ እንዲህ ያደርገኛል" አልሽኝ። ሥራዋን እንዲህ የምትወድ ሴት እኔን ደግሞ እንዴት ወደደችኝ ብዬ ገረመኝ።

ስለ ሕመምሽ አላነሳም። አንቺም ማንሳቱን አትወጂም ነበር።

አሁን ወደሆነው ልምጣ። በግንቦት በቆሎ ዘራን። የዘንድሮ ቆቅ ግን የጉድ ነው። ዲከረንሱ በየማሳው ከበዛ ወዲህ መደበቂያ አግኝቶ ተራብቷል፤ አንቺ ብትኖሪ ደስ ይልሽ ነበር። ጎሕ ሲቀድ ከጫካው ይወጣና የዘራነውን ፍሬ በፍሬ እየጫረ ይለቅመዋል። ጎረቤታችን ዳኘው ሁለት ጊዜ ዘርቶ ሁለት ጊዜ አስበላ። ሌላ ዘር አልቀረውም። ቤቱ ውስጥ የሚበላውን አፍ ታውቂዋለሽ። ሰዎቹ ወጥመድ እናጥምድ፣ መርዝ እንርጭ ሲሉ እኔ እምቢ አልሁ። ጥሩዬ ያስተማረችን ይህን አይደለም፤ በደንቡ እንጠይቅ አልኋቸው። ማመልከቻ ገባ፣ ባንቺ ቦታ የተተካው ባለሙያ ተመላልሶ ማሳውን አየ፣ በመጨረሻ ፈቃዱ መጣ። ልክ አንቺ እንዳልሽው ነው የተጻፈው፦ ቆቅ ብቻ፣ በተዘራ ማሳ ላይ ብቻ፣ በቆሎው ከመሬት እስኪነሳ ብቻ፣ በተመዘገበ የአየር ጠመንጃ ብቻ። ተኳሾቹንና የመሣሪያውን ዓይነት የቀበሌው ሰው መክሮ ይወስን ይላል።

ዳኘው ጠመንጃ ለመግዛት ቆረጠና "አንተ ታውቃለህ፣ አብረኸኝ ና" አለኝ። ዳንግላ ሄድን። ከመናኸሪያው በጋሪ ወደ ሙሐመድ ሱቅ ወረድን፤ የእርሻ ዕቃ የሚሸጠው ነው፣ ፈቃድ አለው። የወረዳውን ወረቀት አይቶ ሁለት ጠመንጃ ከፊታችን ጋደም አደረገ። አንዷ የእኔ ዓይነት ናት፣ አንድ በአንድ የምትጎርስ። ሌላዋ ባለ ካዝና።

ጥሩዬ፣ ውሸት አልነግርሽም፣ በባለ ካዝናዋ ተደነቅሁ። ካዝናዋ ከመዳፍ የምታንስ ክብ ናት፤ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ አላት፣ በየቀዳዳው አንዳንድ ፍሬ ይገባል። እጀታዋን ሳብ መለስ ስታደርጊያት ክቧ በራሷ ትዞርና ቀጣዩን ፍሬ አፈሙዙ ውስጥ ታስገባዋለች። እንዴት ያለ እጅ ነው ይህን የሠራ አልሁ። በብርድ ቀን ጣቴ ፍሬዋን እየጣለ ሣር ለሣር ስፈልጋት የምቆየው ትዝ አለኝ። ዳኘው ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው። "ቆስላ የምታመልጥ ወፍ አታሳዝንህም? እንደገና እስክታጎርስ ጫካ ገብታ ቀኑን ሙሉ ስትሠቃይ ልትውል ነው። በዚህችኛዋ ወዲያው ትገላግላታለህ" አለኝ። ይህም እውነት ነው። አንቺም ብትሆኚ ቶሎ መልስ የምታገኚለት አይመስለኝም።

ሙሐመድ ሁለታችንንም ሰማንና "እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ሁለቱንም እሸጣለሁ" አለ። "ለራሴ ግን ባለ አንዷን ነው የያዝሁት። በእኛም ዘንድ ሳይታረድ የሞተ ሐራም ነው። ካዝና ያለው ሰው ወደ ወፏ ሳይሆን ወደሚቀጥለው ፍሬ ነው ልቡ የሚሄደው።" እኔ የዛሬ ስንት ዓመት መንገድ ላይ ላንቺ የተናገርሁትን አንድ እስላም ወንድሜ ዳንግላ ላይ ሲደግመው ሰማሁ። ዳኘው ግን ዘሩን ነው የሚያስበው። ባለ ካዝናዋን ገዛ። ወረቀታችንን በየኬላው እያሳየን ተመለስን። ጠመንጃ ይዞ መንገድ መውጣት በዚህ ዘመን እንዴት እንደሆነ ልነግርሽ አያስፈልግም፤ እስክንገባ ላብ አጠመቀን።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰው ከቤታችን በታች ካለው ብሳና ሥር ተሰበሰበ። ባለሙያው ፈቃዱን አነበበ፣ አስረዳ። ከዚያ የመሣሪያው ነገር ተነሳ። ዳኘው ስለ ባለ ካዝናዋ ተናገረ፤ ሰውም ወደ እሱ አዘነበለ። እኔ ስለ በክቱ ተናገርሁ፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ጎረምሶቹ ግን ዓይናቸው ከካዝናዋ ላይ አልተነሳም። አንዱ "እስኪ እንዴት እንደምትሠራ አሳየን" አለው። ዳኘው እጀታዋን ሳበና መለሰ። ክቧ ስትዞር ሁሉም "እህ" አለ። ከዚያ ካዝናዋን ከነፍሬዋ አውጥቶ በግራ መዳፉ ላይ አስቀመጠና "ይኸው፣ አሁን ባዶ ናት፤ ልጅ ቢነካትም አታስፈራም" አለ። አፈሙዙን ከሰው መልሶ ወደ አጥሩ አዞረ። ቃታውን ሳበ።

ካዝናዋ ወጥታለች። ግን እጀታውን ሲስብና ሲመልስ አንዲት ፍሬ አስቀድማ አፈሙዙ ውስጥ ገብታ ነበር። እሷን ያሰበ አልነበረም።

ድምፁ እንኳ ድምፅ አይባልም፤ ጥፍ ነው ያለው። ከአጥሩ ወዲያ ግን "ዷ" የሚል ተሰማ፣ ባዶ ከበሮ እንደተመታ። ሁላችንም ዞርን። አጥሩ መሐል ባለው ክፍተት፣ ከምንጩ በሚያመጣው መንገድ ላይ ትርንጎ ቆማለች። ወገቧን ጎንበስ አድርጋ ቢጫ ጀሪካን አዝላለች። እኔ ውኃ አትቅጂ ብዬ ለምኛት ነበር፤ ሐኪሟ ተንቀሳቀሺ ብላኛለች ብላ እምቢ ብላኝ ነው። ከጀሪካኑ ጎን ቀጭን ውኃ እንደ ክር ተወርውሮ ይወጣል። ፀሐይ መትቶት ያበራል።

ውኃው መሬት ላይ ሲወርድ ይሰማል። ትርንጎ አልጮኸችም። እጇን ወደ ጀርባዋ አልሰደደችም፤ ወደ ሆዷ ነው የወሰደችው። ሁለቱንም እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ጉልበቴ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ አጥሩን ዘልዬ አጠገቧ ተገኘሁ። ጀርባዋን ዳበስሁ፣ እጄን አየሁ፣ እንደገና ዳበስሁ፣ እንደገና እጄን አየሁ። ውኃ ብቻ ነው። ፍሬዋ የጀሪካኑን አንድ ጎን በስታ ውኃው ውስጥ ቀርታለች። ጀሪካኑን ከጀርባዋ ሳወርደው ከሥሩ ስትንኳኳ ሰማኋት። ጀሪካኑ ጎዶሎ ቢሆን፣ ወይም ትርንጎ ገና ወደ ምንጩ እየወረደች ቢሆን፣ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም፤ ግን ሳላስበው አላድርም።

ዳኘው ጠመንጃዋ ከእጁ ወድቃለች። መሬት ላይ ተቀምጦ ጋቢውን ራሱ ላይ ተከናንቧል። ሚስቱ አጠገቡ ቆማ እሪ ትላለች። ሰው እሱን ሊነካው ፈራ። እኔ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ላነሳው አልፈለግሁም። ደሜ ፈልቶ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ወዳጅነታችን ሁሉ ከዓይኔ ጠፍቶ ነበር።

ትርንጎ ናት የሄደችው። ቀሚሷ ከኋላ በውኃ ረጥቦ፣ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ በሰው መሐል አለፈች። ዳኘው ፊት እንደምንም ቁጢጥ አለችና ጋቢውን ከፊቱ ላይ ገለጥ አደረገችው።

"ጋሽ ዳኘው፣ ይነሱ" አለችው። "የፈሰሰው ውኃ ነው።"

ሌላ አልጨመረችም። ክንዱን ያዘችና እስኪነሳ ጠበቀችው። ባለሙያው አለቀሰ፣ ሽማግሌዎቹ አማተቡ። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የያዘኝ። የልጄን ድምፅ ነው የሰማሁት፤ አነጋገሩ ግን ያንቺ ነበር። ድምፅ ሳይነሳ፣ ቃል ሳይበዛ፣ የሰው ጉልበት የሚመልስ። እንዲህ መሆኗን አላውቅም ነበር። በቤቴ አሳድጌያት፣ በየቀኑ እያየኋት፣ አላውቃትም ነበር።

ወዲያው በባጃጅ እንጅባራ ወሰድናት። ሐኪሟ አስተኛቻትና አንድ ትንሽ ዕቃ ሆዷ ላይ አደረገች። መጀመሪያ እንደ ንፋስ ያለ ጩኸት ብቻ ነበር። ከዚያ መጣ። ዱብ ዱብ ዱብ ዱብ፣ ፈጣን፣ አንድም ሳይሰናከል። ጥሩዬ፣ የጊዮርጊስ ለት ሜዳው ላይ ፈረሶቹ በአንድነት ሲነሱ መሬቱ የሚያሰማውን ታውቂው የለም? እሱን ነው የመሰለኝ። ከሩቅ የሚመጣ ግልቢያ። "የልቡ ምት ነው፤ ጤነኛ ነው" አለችን። ትርንጎ እየሳቀች አለቀሰች። እኔ ባርኔጣዬን አውልቄ ቆምሁ። ቤተ ክርስቲያን የገባሁ ነው የመሰለኝ። በሩ ላይ ዞር ስል ዳኘው ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ ለካ ከኋላችን በሌላ ባጃጅ ተከትሎ መጥቶ ነው። ድምፁን ሰምቶታል። ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ከድኗል። ያን ጊዜ ቁጣዬ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ሄጄ አጠገቡ ቆምሁ።

ዳኘው ጠመንጃዋን በማግሥቱ ራሱ ወስዶ ለቢሮው አስረከበ። ሰዎች ዕቃዋን ሲረግሙ ግን አልወደድሁትም። ጥፋቱ የካዝናዋ አይደለም። ካዝና ማውጣትና አፈሙዝ ባዶ ማድረግ ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑን የሚያውቅ፣ እጀታውን ስቦ ውስጡን በዓይኑ የሚያይ ሰው ያለ ጉዳት ይዟት ይኖራል። እኛ ግን ገና አልለመድናትም። የእኔዋ ከወገቧ ስትከፈት ሰማዩ በውስጧ ከታየ ባዶ ናት፣ ካልታየ ጎርሳለች፤ ሌላ ነገር የለም። ጉባኤው እንደገና ተቀምጦ እንዲህ ወሰነ፦ አንድ ፍሬ የምትጎርስ ብቻ፤ ማሳ እስኪደረስ ተከፍታ ትያዝ፤ ተኳሹ ከዒላማው ወዲያ ያለውን መንገድ ሰው አስጠብቆ ይተኩስ፤ የተመታው ወዲያው ይታረድ። ባለሙያው ጻፈው፣ ሁሉም ፈረመ። አንቺ ብታይው አንዲት ቃል ታስተካክዪ ነበር ይሆናል፤ ግን ትወጂው ነበር።

ተኳሽ እኔ ተመረጥሁ። ጉልበቴ ግን ሩጫ አይችልም፣ በቢላ ማን ይደርሳል? ዳኘው "እኔ እሮጣለሁ" አለ። ጠመንጃ ዳግመኛ አልነካም ብሎ ምሎ ነበርና እንዲህ ተካፈልነው። ማለዳ ማለዳ ሁለት ሽማግሌ፣ አንዱ ተንበርክኮ ያነጣጥራል፣ አንዱ ጫማውን አውልቆ ቢላ ይዞ ይጠብቃል። ጎረምሶቹ አጥር ላይ ተደግፈው ይስቁብናል። ትርንጎ ከደጃፉ ሆና እንደ ሩጫ ውድድር "ጋሽ ዳኘው፣ በርቱ!" ትላለች። አብዛኛውን ቀን የምንስተው ነው፤ ቆቁም ድምፃችንን እየሰማ ማሳውን መፍራት ጀመረ። ከመታሁም ዳኘው አንዴም ሳይደርስ ቀርቶ አያውቅም። በስመ አብ ሲል ድምፁ እስከ እኔ ይሰማል።

አንድ ቀን አነጣጥሬ ልተኩስ ስል ዳኘው ከፊት እጁን አነሳ። በእግር ጣቱ ቆሞ ወደ ሣሩ ተመለከተ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ኋላው ተመለሰ። "እንቁላል ላይ ናት" አለኝ በሹክሹክታ። በቆሎው ገና ሙሉ በሙሉ አልተነሳም፣ ፈቃዱም ገና ቀን ይቀረው ነበር። ዳኘው ግን ያችን ጥግ እሾህ አጥሮ ተዋት። ሁለት ጊዜ ዘር የተበላበት ሰው፣ ከሰው ለምኖ በዘራው ማሳ ላይ፣ የቆቅ ጎጆ አጠረ። በማግሥቱ ጠመንጃዋን ወስደን ቢሮው ውስጥ አስቆለፍናት። የቀረውን ጊዜ ቆርቆሮ እየደበደብን አባረርናቸው። የተረፈው በቆሎ ግን ጥሩ ነው፣ ተመስገን፤ አሁን እሸቱ ደርሷል።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድበው በዋለበት ቀን፣ ትርንጎ ወለደች። ወንድ ነው። ግንባሩ ያንቺ ነው፣ አገጩን ከማን እንዳመጣው ገና አላወቅንም። ሰው መጣ፣ እልል ተባለ፣ ገንፎ ተበላ። አንቺ በሌለሽበት እልልታው ሲሰማ መቋቋም አቅቶኝ በረት ገብቼ ነበር። በኋላ ክርስትና ስናስብ ትርንጎን የክርስትና አባት ማን ይሁን አልኋት። የባሏ አጎት አለ፣ የእኔ ወንድም አለ።

"ጋሽ ዳኘው ናቸዋ" አለች፣ እንደሚታወቅ ነገር።

ባሏ ቀና ብሎ አያት፤ የሆነውን ሁሉ ያውቃል። "እሺ" አለ። ለዳኘው የነገርሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ከዚያ "አልችልም፣ እጄ አይገባውም" ብሎ ፊቱን አዞረ። ትርንጎ ራሷ ልጁን ታቅፋ ቤቱ ሄደች። ምን እንዳለችው አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በአርባኛው ቀን ክርስትና ተነሳ። ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ልጁ ከጠበሉ ሲወጣ እየጮኸ ነበር፣ ቅዝቃዜውን ታውቂው የለም? ቄሱ ለዳኘው አሳልፈው ሰጡት። ዳኘው ነጭ ነጠላውን ዘርግቶ ተቀበለው። ይጥለዋል ብዬ ፈርቼ አንድ እርምጃ ቀረብሁ። አልጣለውም። ደረቱ ላይ አስጠጋው፣ ልጁም ጩኸቱን አቋርጦ ፊቱን ነጠላው ውስጥ ቀበረ፣ እንቅልፍም ወሰደው። ዳኘው አልተንቀሳቀሰም። ሥርዓቱ አልቆ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቶ፣ ሁሉም ለግብዣው ሲሄድ እሱ ዛፍ ሥር እንደቆመ ነው። "ና እንሂድ እንጂ" ስለው በዓይኑ ወደ ልጁ አመለከተኝ፤ ይነቃብኛል ማለቱ ነው። እኔም አብሬው ቆምሁ። ቅጥሩ ጸጥ ብሎ ነበር። ልጁ ሲተነፍስ ይሰማል።

ጥሩዬ፣ እኔ ብዙ የተማርሁ ሰው አይደለሁም፤ የተማርሁት ካንቺ ነው። በዚያች ሰዓት ግን አንቺም ያልነገርሽኝ አንድ ነገር ያየሁ መሰለኝ። ምን እንደሆነ ስም አላገኘሁለትም። የሆነውን ብቻ ጻፍሁልሽ።

ልጁ ገና ምንም አያውቅም። ጡት ይጠባል፣ ይተኛል፣ ብርሃን ወዳለበት ይዞራል። እያደገ ሲሄድ አያቱ ማን እንደነበረች እኔ እነግረዋለሁ፤ እኔ ካለፍሁ ትርንጎ ትነግረዋለች፣ ዳኘውም ይነግረዋል። ፎቶሽን አወርድለታለሁ፣ ድምፅሽ እንዴት እንደነበረ እየሞከርሁ አሰማዋለሁ፣ ባልችልበትም። አፉን ሲፈታ ከመጀመሪያዎቹ ከሚጠራቸው ስሞች አንዱ ያንቺ ይሆናል። ይህን ቃል እሰጥሻለሁ።

ነፍስሽን በቀኙ ያሳርፍልኝ።

ያንቺው አለልኝ